ሰነፍ ነው ከማለታችን በፊት

የልጃችሁ ውጤት ዝቅ ብሎ ሲመጣ በቤታችሁ የመጀመሪያው ቃል ምንድን ነው? በአንዳንድ ቤት አባት «የዚህ ልጅ ጭንቅላት አይቀበልም» ይላል፤ እናት ደግሞ «ከእኔ ወገን እንዲህ ያለ የለም» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ጠቡ የባልና የሚስት ይሆናል።

ለመሆኑ ፈተና የሚለካው እውቀትን ብቻ ነውን? ፒሳ የሚባለው ዓለም አቀፍ ፈተና የ15 ዓመት ልጆችን ይዞ አገርን ከአገር ያወዳድራል እንጂ ለተማሪው ማርክ አይያዝለትም። እ.ኤ.አ. በ2012 በሒሳብ ሻንጋይ አንደኛ፣ አሜሪካ 36ኛ ወጡ።

በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ይህን ልዩነት መረመረ። አጥኚዎቹ በሁለቱም ስፍራ ላሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከዚሁ ፈተና 25 ጥያቄ አውጥተው በ25 ደቂቃ እንዲሠሩ ሰጧቸው። ከፊሎቹ እንዲሁ ተፈተኑ። ለቀሩት ግን ሊጀምሩ ሲሉ 25 ዶላር ያለበት ፖስታ ተሰጣቸው፤ ለሳቱት ወይም ለዘለሉት ጥያቄ ሁሉ አንድ አንድ ዶላር እንደሚወሰድባቸውም ተነገራቸው። ለሻንጋዮቹ ተመጣጣኙ በአገራቸው ገንዘብ ሆነ።

ለማጥናት ጊዜ አልነበረም። ሆኖም ፖስታ የያዙት አሜሪካውያን ብዙ ጥያቄ ሞከሩ፣ ብዙም መለሱ። የሻንጋዮቹ ውጤት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም፤ ያለ ገንዘቡም ይተጉ ነበርና። አጥኚዎቹ እንደገመቱት አሜሪካውያን ሁሉ እንዲህ ቢተጉ አገራቸው 19ኛ ትሆን ነበር። አንደኛ አይደለም፤ የቀረው ልዩነት ሌላ ምክንያት አለው።

ፖስታ አዘጋጁ ማለቴ እንዳይመስላችሁ! ገንዘቡ የ25 ደቂቃ ትጋት ገዛ እንጂ እውቀት አልጨመረም። የሻንጋዮቹንም ትጋት እንደ ጽድቅ አልቆጥረውም፤ ልጅ በፍርሃትም ይተጋል።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ከልብ ስለ መሥራት ሲጽፍ በቀጥታ የተናገረው ለባሪያዎች ነው፤ ሠርተው ምስጋና እንኳ ለማያገኙ። በብዙ ቤት ግን ይህ ክፍል ለልጆች የሚነበበው ካርድ ሊሰጥ ሲል ነው።

እናንተ ወላጆች፣ በሚቀጥለው ፈተና «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ጥያቄ ዘለልህ? ለምን?» በሉት። አላውቀውም ብሎ የዘለለ ልጅ አስጠኚ ያስፈልገዋል። «ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ከዘለለ ግን አስጠኚ አትቅጠሩለት፤ አብራችሁት ተቀመጡና ለማን እንደሚማር ጠይቁት።