በአየር ላይ ሰውነትን ማላላት

ሰው ሲወድቅ ሰውነቱ ያለ አስተማሪ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም መኮማተር ነው። እግር ወደ ሆድ ይሰበሰባል፣ እጅ የሚጨብጠውን ይፈልጋል፣ ትንፋሽ ይቆማል፣ ጥርስ ይነከሳል። ሕፃን ከአልጋ ሲንሸራተት፣ ሽማግሌ በጭቃ ሲያዳልጠው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በምድር ላይ ይህ ልማድ ብዙ ጊዜ ይጠቅመናል፤ ራስንና ሆድን ከጉዳት ይሸፍናል። ከ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ይኸው ጠባቂያችን በእኛው ላይ ይነሣል። ይህን የማውቀው በምኖርበት በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ በፓራሹት መዝለልን በመማር ላይ ስለሆንሁ ነው።

ከእናንተ መካከል «ምን ጎድሎበት ነው?» የሚል እንደሚኖር አልጠራጠርም። እናቴም ከደብረ ብርሃን ደውላ፣ «አንተ ልጅ፣ ወፍ ነህ? አውሮፕላኑ ሳይበላሽ ለምን ትዘላለህ?» ብላኛለች። እርሷን የሚያረካ መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ዝለሉ ብዬ ልመክራችሁም አልተነሣሁም፤ ነገሩ ገንዘብ ይበላል፣ አደጋም አለበት፣ ሰው የሚሞትበት ቀንም አለ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጠባብ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሰው ፈርቶ ሳለ ሰውነቱን ማላላትን እንዴት እንደሚማር ነው።

አስቀድሞ አየሩ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ከአውሮፕላን የወጣ ሰው ብዙዎች እንደሚያስቡት ከገደል እንደ ተወረወረ ድንጋይ ሆዱ አይንሳፈፍበትም፤ አውሮፕላኑ ወደ ፊት ሲበርር የነበረውን ፍጥነት ይዞ ስለሚወጣ ነፋሱ ወዲያው ይቀበለዋል። ከዚያም በ10 ወይም በ12 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ፍጥነቱ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ በሆዱ ተኝቶ እስከ ወደቀ ድረስም ከዚያ ብዙም አይጨምርም፤ የአየሩ ግፊትና የሰውነቱ ክብደት ተመጣጥነዋልና። በዚህ ጊዜ አየሩ እንደ ፍራሽ ይጠጥራል። እጃችሁን ከሚሮጥ መኪና መስኮት አውጥታችሁ ታውቁ እንደሆነ መዳፋችሁን ትንሽ ስታዘነብሉ ክንዳችሁ ወዲያና ወዲህ ሲሄድ አይታችኋል። እዚያ ላይ መዳፍ የሚሆነው መላው ሰውነት ነው። አንዱ ጉልበት ከሌላው ጥቂት ዝቅ ቢል ሰውየው ይዞራል። ሁለቱም እግሮች ወደ መቀመጫ ቢሰበሰቡ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ወገቡ ታጥፎ ሆዱ ወደ ውስጥ ቢገባ ደግሞ ይናወጣል፤ አንዳንዴም በጀርባው ይገለበጣል።

መፍትሔው ወገብን ወደ ፊት ገፍቶ፣ ራስን ቀና አድርጎ፣ እጅና እግርን በልቅነት ዘርግቶ እንደ ደጋን መቀሰት ነው። ያን ጊዜ የሰውነቱ መካከል ዝቅ ይላል፣ እጅና እግሩም ነፋሱ እንደ ገፋቸው ከፍ ይላሉ፤ በባድሚንተን መጫወቻ ላባዎቹ ወደ ላይ፣ ቡሹ ወደ ታች እንደሚሆን ማለት ነው። ያ መጫወቻ ቢገለበጥ እንኳ ራሱ ይቃናል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ላባዎቹ የሚጠቅሙት ነፋሱ እንደ ወደደ እንዲያነሣቸው ሲተዉ ነው። ክንዱን እንደ ብረት ያደረቀ ሰው ቅርጹን በትክክል ቢይዝ እንኳ ነፋሱ አንዱን ጎን ትንሽ በገፋው ቁጥር መላ አካሉ እንደ ሳንቃ ይናወጣል።

ይህ ዕውቀት በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብዙ ሰዎች ፓራሹቱ ሳይከፈት የሚወድቅ ሰው ራሱን ይስታል፣ እጁንም ማንቀሳቀስ አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 ሌስሊ ኧርቪን የተባለ አሜሪካዊ በኦሃዮ ግዛት፣ በዴይተን ከተማ፣ ከአውሮፕላን ዘልሎ ጥቂት ከወደቀ በኋላ ፓራሹቱን በገዛ እጁ ስቦ ከፈተ፤ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ ቢሰበርም ልቡናው ግን ከእርሱ አልተለየም ነበር። ሆኖም አለመሳትና ሳይሽከረከሩ መውደቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሌኦ ቫለንቲን የተባለ ፈረንሳዊ እጅና እግርን ዘርግቶ፣ ደረትን ነፍቶ መውደቅን ለብዙዎች አሳየ፤ አቋሙም በስሙ ይጠራ ነበር።

መሽከርከር ምን ያህል እንደሚያስፈራ ለማወቅ የጆሴፍ ኪቲንገርን ታሪክ መስማት ይበቃል። ይህ የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንን በኅዳር ወር 1959 እ.ኤ.አ. ከ23 ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ሲዘል ሰውነቱን እንድታጸናለት የታሰበችው ትንሽ ፓራሹት ቀድማ ተለቀቀችና ገመዷ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። በደቂቃ 120 ጊዜ ያህል እየተሽከረከረ ራሱን ሳተ፤ ያተረፈው በራሱ የሚከፈተው መጠባበቂያ ፓራሹት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ከ31 ኪሎ ሜትር ዘለለ! ይህን ሰው የማደንቀው ከከፍታው ይልቅ ስለ መመለሱ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ከ39 ኪሎ ሜትር ገደማ የዘለለው ፌሊክስ ባውምጋርትነርም ተሽከርክሮ ነበር፤ እዚያ ላይ አየሩ እጅግ ስስ ስለሆነ ሰውነት የሚደገፍበትን አያገኝም። አየሩ ሲጠጥር ግን ተቃና።

ወደ እኛ ወደ ተማሪዎች እንመለስ። ትምህርቱ የሚጀምረው በመሬት ላይ ነው። በሆዳችን ተኝተን እንቀሰታለን፣ የእጅ ምልክቶችን እናጠናለን፤ አሠልጣኝ በአየር ላይ ቢናገር በነፋሱ ድምፅ ምክንያት አይሰማምና። ሁለት ጣቶች ሲዘረጉ «እግርህን ዘርጋ» ማለት ነው። አመልካች ጣት ሲቀሰር «እጀታውን ሳብ» ማለት ነው። መዳፍ ሲወዛወዝ ደግሞ «ተላላ» ማለት ነው። የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ ይከብዳል። እግርህን ዘርጋ የተባለ ሰው ይዘረጋል፤ ተላላ የተባለ ሰው ግን ምን ያድርግ? ለመላላት በታገለ ቁጥር ይብሱን ይደርቃል።

በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጋችሁ ይህን ለመረዳት አትቸገሩም። ሽብሸባ የሚጀምር ልጅ እግሩን እየቆጠረ፣ እጁን እያየ፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰቅሎ ይቆማል፤ ስልቱን ያውቀዋል፣ ሰውነቱ ግን አይከተለውም። አስተማሪው «ትከሻህን ጣለው» ይለዋል። ልጁ ትከሻውን ለመጣል ሲጣጣር አንገቱ ይደርቃል። ከዚያ አንድ ቀን ዜማውን በሙሉ ልቡ ሲያዜም ትከሻው ሳያውቀው ይወርዳል። በሕይወቴ ካየኋቸው ነገሮች ከዚህ የአየር ትምህርት ጋር ይህን ያህል የሚመሳሰል የለም።

አሠልጣኜ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለች፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነች ሴት ናት። ምክሯ አንድ ነበር፤ «ሰውነትህን ተወው፣ ትንፋሽህን አውጣ።» መላላት በትእዛዝ አይመጣም፤ ትንፋሽ ማውጣት ግን በትእዛዝ ይቻላል። ረጅም ትንፋሽ ሲወጣ ደረት ይወርዳል፣ ትከሻ ይከተላል፣ ክንድም ይለሰልሳል። እርሷ ተማሪዎቿን ፈገግ እንዲሉም ታዝዛቸዋለች። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን መንጋጋው የላላ ሰው አንገቱን አጥብቆ መያዝ ይቸግረዋል።

ከሁሉ በላይ ያሳረፈኝ ግን ይህ ምክር አልነበረም፤ አንድ ሕግ ነበር። የፓራሹት ተማሪ ሦስት ግዴታዎችን በቅደም ተከተል ይማራል። አንደኛ፣ ፓራሹቱን ክፈት። ሁለተኛ፣ በተወሰነው ከፍታ ክፈት። ሦስተኛ፣ ሰውነትህ ጸንቶ ሳለ ክፈት። እንግዲህ ተመልከቱ፤ መጽናት ሦስተኛ ነው። የሚሽከረከር ተማሪ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ካልተቃና እየተሽከረከረም ቢሆን ይከፍታል እንጂ ለመቃናት ሲል ከፍታውን አያባክንም። ይህን ሳልሰማ በፊት መጽናትን የሕይወትና የሞት ጉዳይ አድርጌ እቆጥረው ነበር፤ ሕይወቱን የያዘ የሚመስለውን ነገር ደግሞ ማን አላልቶ ይይዛል? ሕይወቴ ያለችው በእጀታው እንጂ በአቋሜ ውበት እንዳልሆነ ሲገባኝ ጡንቻዬ ጥቂት ዕረፍት አገኘ።

በእኛ ሥልጠና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዝላዮች ሁለት አሠልጣኞች ግራና ቀኝ ይዘውን ይወድቃሉ፤ በአራተኛው አንድ ብቻ ይቀራል፣ እርሱም ይለቃል። ያን ቀን የተሳፈርንበት ትዊን ኦተር ነበር፤ ቀድሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ለአገር ውስጥ በረራ ይጠቀምበት የነበረው ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ወጣን፣ በሩ ተከፈተ፣ ብርዱ ገባ፣ ዘለልን። ከፍታ መለኪያዬን አየሁ፣ አድማሱን አየሁ። ከዚያ አሠልጣኜ እጇን አነሣች።

ወዲያውም አድማሱ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረ፤ እኔ ወደ ግራ እየዞርሁ ነበርና። በመጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ ፈጠን እያለ። መቁጠር ጀመርሁ። አንድ። መለኪያው ገና ከ2,500 ሜትር በላይ ያሳያል። ሁለት። ወገቤን ወደ ፊት ገፋሁ። ሦስት ላይ እርሷ በፊቴ አለፈች፤ ወይም እኔ በፊቷ አለፍሁ፤ መዳፏንም አወዛወዘች። ያጠራቀምሁትን ትንፋሽ በሙሉ በአፌ አወጣሁ። ግራ ክንዴ፣ ተጭኖ እንደ ነበር እንኳ ያልተሰማኝ፣ በነፋሱ ላይ ተነሣ። አራት ብዬ ሳልጨርስ አድማሱ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ወደ 15 ሰከንድ ያህል ቀረኝ። ከታች የእርሻ ማሳዎች፣ በምዕራብ ሰማያዊ የተራራ ሰንሰለት፣ ከፊቴ ደግሞ አንዲት ሴት በአየር ላይ ተኝታ እየሳቀች። በ1,700 ሜትር ገደማ እጄን ወደ እጀታው አድርጌ ሳብሁ፤ ፓራሹቱ ተከፈተ፣ ጩኸቱም ጠፋ።

ካረፍሁ በኋላ አሠልጣኜ በመዝገቤ ላይ «በራሱ ተቃና» ብላ ጻፈችና ወደሚቀጥለው ተማሪዋ ሄደች። የመጀመሪያውን የአሜሪካ ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 25 ዝላይ ያስፈልጋል፤ እኔ ገና ዘጠነኛ ላይ ነኝ። እናቴም ቅዳሜ ማታ መደወሏን አልተወችም። «መሬት ላይ ነህ?» ትለኛለች፤ «መሬት ላይ ነኝ፣ እማዬ» እላታለሁ። ከዚያ የጤፍን ዋጋ ትነግረኛለች።