ሎርድ ጆን ራስልና የእኔ መሳቢያ

ባለፈው ዓመት የታሪክ መምህራችን የአሥራ ዘጠነኛውን መቶ ዓመት የእንግሊዝ ፖለቲከኞች ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ፥ ባርኔጣው ውስጥ ጨምሮ ዕጣ አስወጣን። ግላድስተን የደረሰው ደስ አለው፤ ዲዝራኤሊ የደረሰው ደግሞ ከዚያ የበለጠ ደስ አለው። ለእኔ የወጣልኝ ሎርድ ጆን ራስል ነበር። አብሮኝ የሚያድረው ጓደኛዬ ወረቀቱን አይቶ፥ «ይኼ ያ የዓፄ ቴዎድሮስን ደብዳቤ ሳይመልስ የቀረው ሰውዬ አይደለም እንዴ? ለእርሱ ደግሞ ምን ይጻፍለታል!» አለኝ። እኔም እውነቱን ለመናገር ሥራውን የጀመርሁት ሰውየውን ልከሰው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ራስል የተወለደው በ1792 ሲሆን፥ ኋላ የቤድፎርድ መስፍን ለሆነው ሰው ሦስተኛ ልጅ ነው። ያለ ጊዜው በመወለዱ ዕድሜውን ሙሉ ቁመቱ አጭር፥ ጤናው ደካማ፥ ድምፁም ቀጭን ሆኖ ኖረ። ኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲማር ከተማሪዎቹ የክርክር ማኅበር አንዱ አባል ነበር፤ ነገር ግን ዲግሪ ሳይቀበል ወጣ። (እዚህ ላይ ከመካከላችን የሚጽናና አይጠፋም።) በ1813፥ ገና ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላው፥ የታቪስቶክ ከተማ እንደራሴ ሆኖ ፓርላማ ገባ። ማን መረጠው ቢባል አባቱ ነው ማለት ይቻላል፤ ከተማይቱ የቤተ ሰቡ ርስት ያህል ነበረችና። «ሎርድ» የሚለው መጠሪያም ለመስፍን ልጅ በክብር የሚሰጥ እንጂ በመኳንንቱ ምክር ቤት የሚያስቀምጥ ስላልሆነ፥ ከሕዝብ እንደራሴዎች ጋር ለመቀመጥ አላገደውም።

እንግዲህ በአባቱ በር የገባው ይህ ሰው የአባቶችን በር ሊሰብር መነሣቱ ነው ክሴን ያበላሸብኝ። በ1828 ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሆኑ ፕሮቴስታንቶችን ከመንግሥት ሹመት የሚከለክለውን የቆየ ሕግ ለማሠረዝ ረቂቁን ያቀረበው እርሱ ነው። ከዚያ ትልቁ ነገር መጣ። በዚያን ጊዜ ኦልድ ሳረም የምትባል፥ ሰው የማይኖርባት ለማለት የምትቻል ኮረብታ ሁለት እንደራሴ ስትልክ፥ ማንቸስተርና በርሚንግሃም የተባሉት ታላላቅ የፋብሪካ ከተሞች ግን የራሳቸው የሆነ አንድም አልነበራቸውም። ማርች 1 ቀን 1831 ትንሹ ሰውዬ ተነሣና የማሻሻያውን ሕግ ረቂቅ አቀረበ። እንደራሴ የመላክ መብታቸው የሚሰረዝባቸውን ስልሳ ያህል ቦታዎች አንድ በአንድ ስማቸውን ሲጠራ፥ በእነዚሁ ቦታዎች ስም የተቀመጡት ሰዎች ፊት ለፊቱ ሆነው ይስቁበት ነበር። እንዲህ ያለ ሕግ ያልፋል ብሎ ማን ያስባል?

ማርች 22 ድምፅ ሲቆጠር 302 ለ301 ሆነ፤ በአንድ ሰው አለፈ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ከቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ላይ ብድግ ብዬ ነበር። የመኳንንቱ ምክር ቤት በኦክቶበር ጣለው፤ በብሪስቶል ሕዝቡ ተነሣ፥ በኖቲንግሃም ቤተ መንግሥት ተቃጠለ፤ ከብዙ ንትርክ በኋላ በጁን 1832 ሕግ ሆነ። ደግሞ እንዳናጋንን፥ ከሕጉም በኋላ በእንግሊዝና በዌልስ የመምረጥ መብት ያገኘው ከአምስት አዋቂ ወንዶች አንዱ ገደማ ብቻ ነው፤ ሴቶችማ ጭራሽ አልታሰቡም። ራስል ራሱ ማሻሻሉ በዚህ ይብቃ ያለ ስለ መሰለ አክራሪዎቹ «አበቃ ባዩ ጃክ» እንደ ማለት ያለ ቅጽል ስም አወጡለት። በኋላ ግን ሐሳቡን ለውጦ፥ በ1866 መብቱን ለማስፋት ያቀረበው ረቂቅ ሲሸነፍበት ከጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ወረደ።

ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው፥ ከ1846 እስከ 1852፥ የአየርላንድ ድንች በበሽታ ተበላሽቶ ሕዝቡ በራብ ያለቀበት ዘመን ነው። መንግሥቱ የመንገድ ሥራ ከፍቶ በ1847 መጀመሪያ ከ700,000 በላይ ሰው አሠራ፤ በዚያው ዓመት በጋ በሾርባ ቤቶች በቀን ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አበላ። ይህ ሁሉ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ራቡ ሳያልፍ ሾርባ ቤቶቹ ተዘጉ፤ ወጪው በተራቡት በአየርላንድ ባለርስቶችና ገበሬዎች ላይ እንዲወድቅ ተደረገ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠው አገሩን ጥሎ ሄደ። የማንቸስተርን ድምፅ የሰማው ጆሮ የአየርላንድን ለምን እንዳልሰማ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ አንድ ነው፤ ገበያ ራሱን ያስተካክላል ብሎ ያምን ነበር፥ የማንቸስተር ሰዎች ደግሞ በሩን መደብደብ ይችሉ ነበር።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ክስ ልምጣ። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። ወዳጆቻቸው ቆንስል ፕላውደንና ጆን ቤል መሞታቸውን፥ ደማቸውንም መመለሳቸውን ነገሯት፤ መልእክተኞች ሊልኩ እንደሚፈልጉ፥ ነገር ግን የባሕሩን በር ቱርክ ስለ ያዘው በደኅና የሚያልፉበት መንገድ እንዲደረግላቸው ጠየቁ። ደብዳቤው በአዲሱ ቆንስል በካሜሮን በኩል ተልኮ በፌብሩዋሪ 1863 ሎንዶን ገባ። በዚያን ጊዜ ራስል የኧርልነት ማዕርግ ተቀብሎ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ናት፤ ፖላንድ በሩስያ ላይ ተነሥታለች፤ ቱርክን ማስቀየም አይፈለግም። ለንጉሠ ነገሥቱ መልስ አልተጻፈም። ለካሜሮን ግን ወደ ምጽዋ እንዲመለስና በአገሩ ጉዳይ እንዳይገባ ትእዛዝ ተጻፈለት።

ክፋት ፈለግሁበት፤ እውነቴን ነው፥ አገኝ ብዬ ሌሊት ሁሉ ፈለግሁ። ያገኘሁት በሥራ የተጨናነቀ ሰው ጠረጴዛ ብቻ ነው። በጃንዋሪ 1864 ካሜሮን ታሰረ። ከዚያ በኋላ የንግሥቲቱ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ተገኘ! ይህን የያዘው ራሳም በጁላይ 1864 ምጽዋ ደርሶ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት የቀረበው በጃንዋሪ 1866 ነው፤ ከሦስት ዓመት በላይ አልፎ። የናፒየር ጦር ኤፕሪል 13 ቀን 1868 መቅደላን ሲይዝና ዓፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲገድሉ ራስል ከሥልጣን ከወረደ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነበር። ስለዚህ ጦር ላከ ተብሎ አይከሰስም። ወረቀት ባለመላኩ ግን ይከሰሳል።

ሽማግሌው የኖረው ንግሥቲቱ በሰጠችው፥ ሪችመንድ በሚገኘው ፔምብሩክ ሎጅ ነው። ኋላ ስመ ጥር ፈላስፋ የሆነው የልጅ ልጁ በርትራንድ ራስልም እዚያው ነው ያደገው። በሜይ 1878 ያ የ1828ቱ ሕግ የተሠረዘበት አምሳኛ ዓመት ሲከበር፥ መብት ያገኙት ሰዎች ልጆችና ወገኖች ሊያመሰግኑት እስከ ቤቱ ድረስ መጡ። እርሱ ግን ታሞ ተኝቶ ስለ ነበረ ሊቀበላቸው አልቻለም። በዚያው ወር 28 ቀን ሞተ።

ጽሑፌን ለመምህሩ ከማስረከቤ በፊት ያስጨነቀኝን ነገር ለማንም አልነገርሁም ነበር። ያን ዓመት በመኝታ ቤታችን የተማሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ እኔ ነበርሁ። ከሩቅ አገር የመጣ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፥ አባቱን ቀብሮ ሲመለስ ፈተና አልፎት፥ ኮሚቴው እንዲያማልደው በደብተር ወረቀት አጣርቶ ጽፎ ሰጠኝ። ጉዳዩ የኮሚቴው ይሁን አይሁን ሳልጠይቅ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትሁት። የስፖርት ቀን ነበረብን፤ የምግብ ቤቱ ክርክር ነበረብን። ትዝ ብሎኝ ክፍሉን ሳንኳኳ ሌላ ልጅ ከፈተልኝ፤ «እሱማ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ሄደ፥ ወር ሊሆነው ነው» አለኝ።

ጽሑፉ ጥሩ ማርክ አገኘ። ጓደኛዬ አንብቦ፥ «ጠበቃ ሆንህለት እኮ!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ በዚያው ሳምንት ለልጁ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፌ፥ የአገሩን ሰው ፈልጌ፥ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄጄ በእጁ ሰጠሁት። ይኸው ሰባት ወር ሆነ፥ መልስ አላገኘሁም።