ቦጎታ፥ በተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ

ከደቡብ አሜሪካ ታላላቅ ከተሞች አብዛኞቹ በባሕር ዳር ወይም በሰፊ ወንዝ አጠገብ የተመሠረቱ ናቸው። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ግን ባሕርም ሆነ መርከብ የሚሄድበት ወንዝ የላትም። ከባሕር ወለል በላይ 2,640 ሜትር ከፍ ብሎ በአንዲስ ተራሮች መካከል በተዘረጋ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች፤ ስምንት ሚሊዮን ያህል ሕዝብም ይኖርባታል። ይህችን ከተማ ለመጐብኘት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ዓይኑን ወደ ምሥራቅ አንሥቶ ተራራዋን ይመልከት። ከተማይቱ አቅጣጫዋንም፥ የመንገዶቿን ቍጥርም፥ የምትጠጣውንም ውኃ ያገኘችው ከዚያ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አየሯ ለደጋ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን ጥቂት ይቀራቸዋል፤ ሙቀቱም በአማካይ 14 ዲግሪ ነው። በፀሐይ የቆመ ሰው ፊቱ ይቃጠላል፤ ያው ሰው ወደ ጥላ ሲገባ ግን ካፖርቱን ይፈልጋል። ዝናሙ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበረታል፤ ይኸውም ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ ደግሞም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ስለዚህ ጃንጥላ ከእጅ አይለይም። ባላገሩ ሩዋና የሚባል ወፍራም የሱፍ ካባ ይደርባል። የሰዓቱ ልዩነት ስምንት ሰዓት ነው፤ በአዲስ አበባ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን በቦጎታ ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው።

በጥንት ዘመን በዚህ ሜዳ ላይ ሙይስካ የሚባል ሕዝብ ይኖር ነበር። ሙይስካዎች በቆሎና ድንች ያርሱ፥ ጨው ያወጡ፥ በጨውና በጥጥ ኩታም ከቈላ አገር ሰዎች ወርቅ ይለውጡ ነበር። በ1536 ጎንሳሎ ሂሜኔዝ ዴ ኬሳዳ የተባለ እስፓኛዊ የሕግ ዐዋቂ ከባሕር ዳር ተነሥቶ፥ ብዙ መቶ ሰዎችን አስከትሎ የማግዳሌናን ወንዝ ሽቅብ ተከተለ። በሽታውና ረኃቡ አብዛኛዎቹን ፈጀና ወደ ሜዳው የወጡት ከ200 የሚያንሱ ነበሩ። ከተማይቱም በነሐሴ 6 ቀን 1538 ተመሠረተች። ቦጎታ የሚለው ስም የመጣው ባካታ ከሚለው ከሙይስካዎች ቃል ነው። ከእስፓኛ አገዛዝ ለመላቀቅ የተነሣው ንቅናቄ በሐምሌ 20 ቀን 1810 እዚሁ ጀመረ፤ ነጻነቱም በነሐሴ 7 ቀን 1819 በቦያካ ድልድይ በተደረገው ጦርነት ጸና።

እንግዳ በመንገድ እንዳይጠፋ ይህን ይወቅ። ተራሮቹ ዘወትር በምሥራቅ ናቸው። ፊቱን ወደ ተራራው ያዞረ ሰው ሰሜኑ በግራው፥ ደቡቡ በቀኙ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱት ጐዳናዎች ካሬራ ይባላሉ፤ ቍጥራቸውም ከተራራው ግርጌ ጀምሮ ወደ ምዕራብ እያደገ ይሄዳል። እነዚህን የሚያቋርጡት ደግሞ ካዬ ይባላሉ፤ ቍጥራቸው ከመካከለኛው ከተማ ወደ ሰሜን ያድጋል። ስለዚህ ሰባተኛው ካሬራ ሲባል ለተራራው ቅርብ መሆኑ፥ ሰማንያኛው ሲባልም በምዕራብ ሩቅ መሆኑ ያለ ጠያቂ ይታወቃል። ጐዳናዎቹ እንደ መስመር ቀጥ ያሉ ሲሆኑ፥ በመካከለኛው ከተማ ያለው የሂሜኔዝ ጐዳና ብቻ እንደ እባብ ይጥመለመላል። ምክንያቱም ከተራራው የሚወርደው የሳን ፍራንሲስኮ ወንዝ ከሥሩ ስለ ተሸፈነ ነው። ወንዙ ከዓይን ቢሰወርም መንገዱ አካሄዱን አልተወም።

ጥንታዊው ሰፈር ላ ካንዴላሪያ ይባላል። በቦሊቫር አደባባይ ዙሪያ በ1823 የተፈጸመው ካቴድራል፥ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤትና የፍትሕ ቤተ መንግሥት ይታያሉ። ይህ አካባቢ ብዙ ሐዘን አይቷል። በሚያዝያ 9 ቀን 1948 ድኾች ተስፋቸውን የጣሉበት ሆርሄ ኤሊዬሴር ጋይታን በሰባተኛው ካሬራ ከጽሕፈት ቤቱ ሲወጣ በጥይት ተገደለ። የተቈጣው ሕዝብ ትራሞቹንና ሕንጻዎቹን አቃጠለ፤ በገጠር ጀምሮ የነበረው የእርስ በርስ መተላለቅም ከዚያ በኋላ በረታ። በኅዳር 1985 ደግሞ ኤም 19 የሚባሉት ሸማቂዎች የፍትሕን ቤተ መንግሥት ያዙ፤ ሠራዊቱ በታንክ ገብቶ ሲያስለቅቅ ሕንጻው ተቃጥሎ መቶ ያህል ሰው አለቀ። ከሟቾቹ መካከል 11 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ነበሩ።

ይህን ሁሉ ያየ እንግዳ ወደ ፍራግሜንቶስ ሳይሄድ አይመለስ። መንግሥትና ፋርክ የሚባለው የሸማቂዎች ጦር በኅዳር 2016 በዚሁ ሰፈር በኮሎን ቴአትር የሰላም ውል ከተፈራረሙ በኋላ፥ ሸማቂዎቹ ያስረከቡት 37 ቶን መሣሪያ ቀልጦ የአንድ ቤት ወለል ሆነ። ሥራውን ያቀደችው ዶሪስ ሳልሴዶ የተባለች ሠዓሊት ናት፤ ለወለሉ ቅርጽ የሆነውን ብረት በመዶሻ የቀጠቀጡት ግን በጦርነቱ የተበደሉ ሴቶች ናቸው። ዛሬ ማንም ሰው በዚያ ላይ ይራመዳል።

በአቅራቢያው ያለው የወርቅ ቤተ መዘክር በ1939 የተቋቋመ ሲሆን ከ34,000 የሚበልጡ የወርቅ ሥራዎች ተሰብስበውበታል። ከሁሉ የሚደነቀው በ1969 ገበሬዎች በፓስካ በአንድ ዋሻ ውስጥ ያገኙት፥ ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ የወርቅ ታንኳ ነው። በታንኳው መካከል አለቃው ቆሞ፥ አገልጋዮቹ በዙሪያው ይታያሉ። ኤል ዶራዶ የተባለውና ብዙ ኤውሮፓውያንን ለጥፋት የዳረገው ወሬ የተነሣው አለቆች በጓታቪታ ሐይቅ ላይ ወርቅ ይሠዉ ከነበረበት ሥርዓት ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ሞንሴራቴ መውጣት ይገባል። ከፍታው 3,152 ሜትር ነው። በራሱ ላይ የካቶሊካውያን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በውስጡም ጌታችን የወደቀበትን ሁኔታ የሚያሳይ የ17ኛው መቶ ዓመት ሐውልት ይገኛል። ከ1929 ጀምሮ በገመድ የሚሳብ ባቡር፥ ከ1955 ጀምሮም በአየር ላይ የሚሄድ የገመድ ሣጥን መንገደኛ ያወጣል፤ ስለት ያለበት ምእመን ግን ደረጃውን በእግሩ ይወጣል። ከላይ ሲታይ ከተማይቱ በሜዳው ላይ እንደ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ተዘርግታ ዳርቻዋ በጭጋግ ይጠፋል።

ከዚያ የሚታየው ሰሜንና ደቡብ ግን አንድ ዓይነት ኑሮ የላቸውም። ባለጠጎች በሰሜን፥ ድኾች በደቡብ ይበዛሉ። በሕግ እያንዳንዱ ቤት ከአንድ እስከ ስድስት ባለው ደረጃ ይመደባል፤ በከፍተኛው ደረጃ ያለው ለውኃና ለመብራት ጨምሮ ሲከፍል ዝቅተኛው በቅናሽ ያገኛል። ይህ ሥርዓት ድኻን ይረዳል፤ ነገር ግን ሰው «አንተ ስንተኛ ነህ?» ተብሎ በቍጥር እንዲለይም አድርጓል። በደቡብ በሲውዳድ ቦሊቫር ገደል ላይ ለሚኖሩት ሰዎች በታኅሣሥ 2018 የገመድ ማጓጓዣ ተከፈተላቸው። አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ጕዞ ወደ 13 ደቂቃ ያህል አጠረ።

ሰሜንና ደቡብ የሚገናኙት በእሑድ ቀን ነው። ከ1974 ጀምሮ በየእሑዱና በየበዓሉ ቀን ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ጐዳና ለአውቶሞቢል ተዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌት ይለቀቃል። ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጋር፥ ሠራተኛው ከአሠሪው ጐን በአንድ ጐዳና ሲሄድ ይታያል። ይህን ለማየት እንግዳው እሑድን በቦጎታ እንዲያሳልፍ እንመክራለን።

አሁን ስለ ውኃዋ እንናገር። ከከተማይቱ ምሥራቅ ቺንጋሳ የሚባል፥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ጭጋጋማ ውርጫማ አገር አለ። በዚያ ፍራይሌሆን የሚባል ተክል ይበቅላል። በስሜን ወይም በባሌ ተራራ ጅብራን ያየ ሰው ዘመዱ ይመስለዋል፤ ዘሩ ግን ሌላ ነው። ቅጠሉ ጠጕራም ስለ ሆነ ጭጋጉን ይይዛል፤ ጠብታውም ወደ ምድር ይወርዳል። ቁመቱ በዓመት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጨምር፥ ሰው የሚያህለው ተክል ከመቶ ዓመት በላይ የቈየ ነው። ከከተማይቱ ውኃ መቶ እጅ ሰባው ያህል ከዚያ በዋሻ ቦይ ይመጣል።

በ2024 ዝናሙ ቀርቶ ግድቦቹ እጅግ ስለ ጐደሉ፥ ከሚያዝያ 11 ቀን ጀምሮ ከተማይቱ በዘጠኝ ክፍል ተከፍላ ውኃ በተራ ትቋረጥባት ጀመር። መጀመሪያ እያንዳንዱ ክፍል በየዐሥሩ ቀን 24 ሰዓት ያለ ውኃ ይውልና ያድር ነበር። በሰሜን ያለው ባለጠጋም በደቡብ ያለው ድኻም ባልዲውን ሞልቶ ተራውን ጠበቀ። ይህ ሥርዓት የቀረው ከዓመት በኋላ፥ በሚያዝያ 2025 ነው። ቀድሞም በ1997 የውኃ እጥረት በደረሰ ጊዜ ከንቲባው አንታናስ ሞኩስ ገላቸውን ሲታጠቡ በቴሌቪዥን ታይተው፥ ሳሙና በሚቀቡበት ጊዜ ቧንቧውን በመዝጋት ሕዝቡን አስተምረው ነበር። ስለዚህ እንግዳው በማረፊያው ቧንቧ ሲከፍት ያንን ተክል ቢያስብ መልካም ነው።

ስለ ምግቧም ጥቂት እንበል። የታወቀው አሂያኮ ነው፤ ሦስት ዓይነት ድንች፥ ዶሮ፥ በቆሎና ጓስካስ የሚባል ቅጠል አንድ ላይ የሚቀቀልበት ወፍራም ሾርባ ነው። ትኩስ ቸኮላታ ከአይብ ጋር ይጠጣል። በጾም ቀን የደረሰ ሰው በፓሎኬማዎ ገበያ ልዩ ልዩ ፍራፍሬ ያገኛል፤ አሬፓ የሚባለውን የበቆሎ ቂጣ ሲገዛ ግን ቅቤና አይብ እንዳለበት ይጠይቅ። ቲንቶ የሚባለው ቡና በየጐዳናው ከፔርሙዝ ይሸጣል። ተክሉ ከአገራችን ጫካ የተገኘው ያው የቡና ዘር ነው፤ ነገር ግን ቦጎታ ስለምትበርድ የሚበቅለው ዝቅ ባሉት ተዳፋቶች ነው።

ሕዝቡ ትሑት ነው። በዚያ ያሉ ሰዎች ሱ ሜርሴድ፥ ማለትም «ቸርነትዎ» ብለው ይነጋገራሉ፤ እናት እንኳ ልጇን እንዲሁ ትጠራለች። ከኢትዮጵያ ለሚሄድም ሰው አንድ የሚያስታውሰው ነገር አለ። በኮርያ ጦርነት ወታደር የላከች ብቸኛዋ የላቲን አሜሪካ አገር ኮሎምቢያ ነበረች፤ የእርሷም ሻለቃ ከቃኘው ሻለቃ ጋር በ7ኛው የአሜሪካ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፎ ነበር። ሌባ ግን እንደ ማንኛውም ታላቅ ከተማ አለ። የአገሩ ሰዎች «ፓፓያ አትስጥ» ይላሉ፤ ለሌባ ምቹ አትሁን ማለታቸው ነው። ስልክን በጐዳና ይዞ አለመቆም፥ በመሸም ጊዜ በላ ካንዴላሪያ ብቻን አለመሄድ ይበጃል።

ጊዜ ያለው መንገደኛ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጕዞ በሲፓኪራ በጨው ማዕድን ውስጥ፥ 180 ሜትር ከምድር በታች የተፈለፈለውንና በ1995 የተከፈተውን ቤተ ክርስቲያን ይጐብኝ። ሙይስካዎች ያወጡት የነበረው ጨው ከዚሁ ተራራ ነው። ወርቁ የሄደው ሄዶ የቀረው በቤተ መዘክር ተቈልፏል። ጨውና ውኃ ግን ዛሬም ከተራራው ይወጣሉ፤ የቦጎታ ሕዝብም የሚኖረው በእነዚህ ነው።