«ማሽኑ ራሱ መሰከረ!»

ደላላ በቆመበት የታመመች መኪና አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ሁሉም «የዶክተር መኪና»፣ ሁሉም «ከቤትና ከሥራ ውጪ ያልሄደች» ናት። መቼም በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ እዚሁ ያለችው አሮጌ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች ሙሽራ ሆናለች። ጠዋት ትታጠባለች፣ ጎማዋን ጥቁር ትቀባለች!

ታላቅ እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ፣ ታናሽ ወንድማችን የታክሲ ሥራ የሚሠራባት መኪና ልትገዛ ተነሳች። እኔም መዳፌ ላይ የምታርፍ ስካነር ይዤ ተከተልኳት። መካኒክ አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለ ካንዴላ ያስተማረኝ የለም። ግን ነገሩ የምታስቡትን ያህል ከባድ አይደለም። ከመሪው በታች አሥራ ስድስት ቀዳዳ ያላት ሶኬት አለች። ስካነሯን ትሰካላችሁ፣ ቁልፉን ትከፍታላችሁ፣ ውጤቱን በብሉቱዝ ስልካችሁ ላይ ታነባላችሁ። (ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠሩ አሮጌ መኪኖች አንዳንዴ መልስ አይሰጡም፤ አትደንግጡ።)

የመጀመሪያዋ በፈረንጆች 2006 የተሠራች፣ ከአውሮፓ የገባች ነበረች። ስሰካባት ስልኬ «ምንም ኮድ የለም» አለ። ደላላው አጨበጨበ። «አየሽ የኔ እህት? ማሽኑ ራሱ መሰከረ!» እቴቴ እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች፤ ቀብድ ልታወጣ ነው።

«ቆይ» አልኳት። ብዙ ሰው ስካነሩን የሚነቅለው እዚህ ላይ ነው። ኮድ ማጥፋት እኮ አንድ ቁልፍ መንካት ነው፤ እኔ የያዝኳት ስካነር ራሷ ታጠፋዋለች! የቼክ ኢንጂን መብራቱም አብሮ ይጠፋል፤ በሽታው ግን አለ። ኮምፒውተሩ ሲሰረዝ ሞተሩንና ጭሱን የፈተነበትን ውጤት ሁሉ ይረሳና «ፈተናው አልተጠናቀቀም» ይላል። እንደገና ፈትኖ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ የቀናት መንዳት ይፈልጋል። ብዙ መኪኖች ደግሞ ከተሰረዙ ወዲህ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ ይናገራሉ። የዚችኛዋ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 3 ኪሎ ሜትር!

«ባትሪ ቀይረን ነው» አለ ደላላው። ሊሆን ይችላል፤ ባትሪ ሲነቀልም ይሰረዛል። «እንግዲያው እንንዳት» አልነው። ከሽሮ ሜዳ የእንጦጦን ዳገት ስንጀምር ሞተሯ ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። ፒ0301 የሚል ኮድ መጣ፤ አንደኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። ኮዱ የሚያማትን ቦታ እንጂ ምክንያቱን አይነግራችሁም። ካንዴላ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ኮይልም ሊሆን ይችላል፤ ኮምፕሬሽን ካነሳት ግን ሞተር ማውረድ ይመጣል። የእቴቴ ሰባት ዓመት እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ሊገባ ነበር። ደላላው ምንም አልመለሰም፤ ሬዲዮ ከፈተ።

ስካነር ግን ነቢይ አይደለም። የተበየደ ሻንሲ አያይም፣ ሊብሬ አያነብም። ለዚያ ደህና መካኒክና የራሳችሁ ዓይን ያስፈልጋሉ።

በሳምንቱ ያየናት መኪና መብራቷን አብርታ ነው የጠበቀችን። ፒ0420። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። «ካታሊስቱ ደክሟል ብለውኛል ልጄ፣ እኔም አላስነካሁትም» አሉን። ከተሰረዘች ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳለች፤ ፈተናዎቹ በሙሉ ተጠናቀዋል። ከዚያች ንጹሕ ነኝ ባይ ይልቅ እኔ ይህችን አመንኩ! እቴቴ መካኒክ አምጥታ ኮምፕሬሽን አስለካች፣ ከሥሯም አስፈተሸች። ከዚያ የካታሊስቱን ዋጋ ከጠየቁት ላይ አስቀንሳ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ጎማው አልቋል ብላ ትከራከር ጀመር። ሰውዬው ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። «ልጄ፣ ቤይሩት የተማርሽው ክርክር ነው እንዴ?»