ሁለት ከርነል በአንድ ማሽን

ነገ ክፍል ገብተን ስለ ኮምፒዩተር የምናስተምር እኛ ሠልጣኞች «ሊኑክስ ፈጣን ነው» ማለት ይቀናናል። አንክድም፣ ፈጣን ነው። ነገር ግን ብረት መቁረጫ ማሽን ላይ ያለው ስቴፐር ሞተር የሚፈልገው ሰዓት አክባሪነትን ነው። የኤሌክትሪክ ምቱ ሺህ ጊዜ በሰዓቱ ደርሶ አንዴ ቢዘገይ ሞተሩ እርምጃ ሊስት፣ ብረቱም ሊበላሽ ይችላል። ታዲያ አማካይ ፍጥነት እዚህ ላይ ምን ይረባል?

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ቪክቶር ዮዳይከንና ማይክል ባራባኖቭ በኒው ሜክሲኮ ያበጁት አርቲሊኑክስ ለዚህ መላ ነበረው። ሥራ አከፋፋዩን የሊኑክስ ከርነል አላባረሩትም፤ ከሥሩ ሌላ ትንሽ ከርነል አስገቡ እንጂ። ከመሣሪያዎች የሚመጣውን ጥሪ ቀድሞ የሚቀበለው ትንሹ ነው። አስቸኳዩን ሥራ ይሠራና የተረፈውን ጊዜ ለሊኑክስ ይለቃል። ሊኑክስ ሆዬ «አሁን አታቋርጡኝ» ብሎ በሩን የዘጋ ይመስለዋል፤ የዘጋው ግን በራሱ ላይ ብቻ ነው!

ችግሩ፣ አስቸኳዩ ሥራ ፋይል ልጻፍ ካለ የሊኑክስን እጅ መጠበቁ ነው፤ ያኔ የሰዓቱ ዋስትና ቀረ። ስለዚህ ፕሮግራሙ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ሞተሩን ይነዳል፣ ሌላው ይመዘግባል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሊኑክስ 6.12 ፕሪኤምፕት አርቲን ስላካተተ፣ ሁለተኛ ከርነል ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ። ለብዙው ሥራ ልክ ናቸው። ለማስተማሪያ ግን እኛ የድሮውን እንመርጣለን፤ የትኛው ሥራ መዘግየት እንደሚችል ተማሪው ራሱ ለይቶ እንዲከፍል ያስገድደዋልና።