መንጠቆና ብርብራ

ዓሣ ማጥመድ ለከተማ ሰው መዝናኛ ነው፤ በጉማራ ወንዝ ዳር ላደግነው ልጆች ግን የነሐሴ ወር ቀለባችን ነበረ።

በነሐሴ አዲሱ እህል ገና አልደረሰም፤ ጎተራውም የሚራቆትበት ጊዜ ነው። በዚያው ወራት ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን ከጣና ሐይቅ ወጥቶ፥ ጠጠር ባለበት ውሃ እንቁላሉን ለመጣል ወንዙን ሽቅብ ይጓዛል። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ አባቴ መንጠቆውን በሲባጎ አስሮ ከወንዙ ዳር ይውላል። ትል መቆፈርና ቅርጫት መያዝ የእኔና የታላቅ እኅቴ ሥራ ነበረ።

አጎቴ ግን መንጠቆ አይወድም። የብርብራን ፍሬ አድርቆና ወቅጦ፥ ውሃው ዝግ በሚልበት ሥፍራ ይበትናል። ብርብራ ዓሣን የሚያፍን መርዝ ስላለው፥ ጥቂት ቆይቶ ትልቁም ትንሹም በጀርባው ይንሳፈፋል።

እህላችንን ጎርፍ በወሰደብን ዓመት አጎቴ ብርብራውን በስልቻ ይዞ መጣና፥ «ጋሼ፥ ልጆችዎ ጦማቸውን እያደሩ እርስዎ አንድ አንድ ይለቅማሉን?» አለው።

አባቴም፥ «ልጆቼ የሚበሉት ዘንድሮ ብቻ አይደለም። በመንጠቆ አንዷን ብይዝ ሌሎቹ አልፈው ይወልዳሉ፤ ብርብራው ግን የከርሞውን ራት ጭምር ይጨርስብናል» ሲል መለሰለት።

ያን ዕለት ሦስት ዓሣ ለስድስት ሰው ሆነ። እናቴ ምንም ሳትናገር ወጡን ሠርታ አቀረበች፤ አባቴም ከድርሻው ቈርሶ ለእኛ አጐረሰን። ለተራበ ልጅ የአጎቴ ቃል እውነት ነበረ፤ ዛሬም ሐሰት ነው አልልም።

በጣና ከሚገኙት የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አብዛኞቹ በዓለም ላይ በሌላ ሥፍራ አይገኙም። በ1986 እ.ኤ.አ. በሐይቁ ላይ በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ ማጥመድ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርመራ፥ ለመውለድ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓይነቶች እጅግ መመንመናቸውን ገለጠ፤ ዓሣው በወንዞች አፍ በሚሰበሰብበት ወራት መረቡ እዚያው ይዘረጋልና። እንግዲህ መረቡ የሚሠራው ብርብራው ይሠራው የነበረውን ነው፤ መጠኑ ብቻ በዛ።

ዓሣ በሚወልድበት ወራት ወንዙ ይረፍ ማለት መልካም ነው። ነገር ግን አጥማጁን አትያዝ ከማለት በፊት፥ በነሐሴ ምን እንደሚበላ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለከርሞ ማሰብ የሚቻለው የዛሬው ራት ሲገኝ ነው፤ ሳይገኝ እንደ አባቴ የሚጨክን ሰው ጥቂት ነው።