በሀምቡርግ ወደብ ያገኘኋቸው ቡና ለቃሚዎች

ሀምቡርግ የጀርመን ትልቁ ወደብ ነው፤ ባሕሩ ግን ከከተማው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መርከቦቹ ከሰሜን ባሕር ተነስተው፣ የኤልበን ወንዝ ሽቅብ ይዘው መሀል ከተማ ድረስ ይዘልቃሉ። እህቴን ልጠይቅ በሄድኩበት ክረምት፣ ነሐሴ መባቻ ላይ፣ ላንዱንግስብሩከን በሚባለው የጀልባ መሳፈሪያ ካፊያ እየመታን ቆመን ነበር። ከፊታችን ወንዙ ይወርዳል፤ ማዶ ደግሞ አንድ ግዙፍ መርከብ ለጥገና ሆዱን ገልጦ ቆሟል። የጀልባ ጉብኝቱ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል ተብለናል።

እትዬ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥታ ነው ጀርመን የገባችው። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ። የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠርታለች፣ አረጋውያን ጦራለች፣ ልጆች አሳድጋለች። ሥራ ስትሄድም ስትመለስም ባቡሩ በወደቡ ዳር ይዟት ያልፍ ነበር፤ ጀልባ ላይ ግን ወጥታ አታውቅም። «የእንግዳ ነገር ነው፤ አንተ ስትመጣ አብረን እናያለን ብዬ ነው» አለችኝ። ትኬቱን እኔ ልክፈል ብላትም እሺ አላለችም።

የአገሩ ሰው ባርካሰ የሚላት ጀልባ ትንሽ ናት፤ ጣሪያዋ ዝቅ ያለው በድልድይ ሥር እንድታልፍ ነው። መሪውን የያዘውም በማይክሮፎን የሚያስረዳውም አንድ ሰው ነበር፤ ጢሙ የሸበተ፣ የመርከበኛ ቆብ ያደረገ፣ ድምፀ ወፍራም። ገና ሳንነሳ ቸኩሏል። ምክንያቱን እትዬ ተረጎመችልኝ፦ ውሃው ሳይሸሽ መጋዘኖቹ መሀል መግባት አለብን።

በጋውን አሸዋ ሆኖ ከርሞ ክረምት ላይ ድንገት የሚወርደውን የድሬዳዋን ወንዝ፣ ደቻቱን፣ እያየሁ ላደግሁት ለእኔ፣ የዚህ ወንዝ ጠባይ አዲስ ነበር። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሙላቱ ያን ሁሉ መንገድ በወንዙ ተጉዞ ሀምቡርግ ሲደርስ ውሃውን ከ3 ሜትር በላይ ያነሳዋል። በጣም ሲሞላ ጀልባዋ በድልድዮቹ ሥር አታልፍም፤ ሲጎድል ደግሞ በመጋዘኖቹ መሀል ያለው ቦይ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ የወደቡ አስጎብኚ መንገዱን የሚመርጠው የውሃውን ሰዓት አይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1962 ማዕበል ውሃውን በሌሊት ገፍቶ አምጥቶት በከተማዪቱ 315 ሰዎች እንደሞቱም ነገረን። ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ጎርፍ ሆኖ መጥቶ ድሬዳዋን ምን እንዳደረጋት ስለማውቅ፣ ይህን ሲናገር አንገቴን ደፍቼ ነው ያዳመጥኩት።

ከዚያ ወደ ሽፓይኸርሽታት፣ ወደ መጋዘኖቹ ከተማ ገባን። በግራም በቀኝም ቀይ የጡብ ግንብ ነው፤ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደራርቦ፣ አናቱ በአረንጓዴ መዳብ ተከድኖ። ግንቡ የቆመው ጭቃው ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነው። እያንዳንዱ መጋዘን በአንድ ፊቱ ውሃ፣ በሌላው ፊቱ መንገድ አለው። ዕቃው በጀልባ ይመጣና ጣሪያው ሥር በተተከለው መጎተቻ ወደየፎቁ ይሳብ ነበር፤ ሲሸጥ በመንገዱ በኩል ይወጣ ነበር። ቡና፣ ካካዎ፣ ሻይ፣ ቅመማ ቅመም፣ የፋርስ ምንጣፍ። እንዲህ የታሰበበት ግንባታ ሳይ ያሠሩት ነጋዴዎች ለሸቀጣቸው የነበራቸው ክብር ይገርመኛል። ለቡና ጆንያ ቤተ መንግሥት የሚመስል ቤት ሠርተውለታል።

ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1883 ሲሆን የመጀመሪያው ክፍል በ1888 ተመረቀ። ያን ዓመት ሀምቡርግ ወደ ጀርመን የጉምሩክ ክልል ስትገባ፣ ይህ ሠፈር ቀረጥ የማይነካው ነፃ ወደብ ሆኖ ተከለለ። ነጋዴው ዕቃውን እዚህ ሲያከማች፣ ሲያበጥር፣ ደረጃ ሲያወጣለት ማንም ቀረጥ አይጠይቀውም ነበር፤ የሚከፍለው ከክልሉ ሲያስወጣ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ድብደባ ግማሽ ያህሉ ፈርሶ በኋላ እንደገና ተሠራ፤ በ2015 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። መጀመሪያ ሲገነባ ቦታውን ለማስለቀቅ 20 ሺህ ያህል ሰው ከቤቱ ተነስቷል፤ በአንዱ ወገን የወደብ ሠራተኞች፣ በሌላው ወገን የነጋዴ ቤተሰቦች። አስጎብኚያችን ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፈው። እኔ ግን የተነሱት ሰዎች ከግንቡ ውበት እኩል መነገር ነበረባቸው እላለሁ። የት ሄዱ? ምን ተሰጣቸው? እንዲህ ያለው ጥያቄ የሀምቡርግ ብቻ አይደለም።

አንድ ጠባብ ቦይ ውስጥ አስጎብኚው ጀልባዋን ቀስ አድርጎ መንገደኞቹን ከየት እንደመጣን ይጠይቅ ጀመር። ተራው ሲደርስ እትዬ በጀርመንኛ «ከኢትዮጵያ» አለችው። አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ወደ ላይኛው ፎቅ መስኮቶች ዘረጋ። «እንግዲያውስ የአገርዎ ቡና የሚቀመጠው እዚህ ነበር» አላት። ከዚያ ለሁላችንም ያብራራ ገባ። 60 ኪሎ የሚመዝን ጆንያ በመጎተቻው ይወጣ ነበር፤ ሠራተኛው ሹል ቧንቧ ሰክቶ ከጆንያው ናሙና ያወጣል፤ ነጋዴው ናሙናውን አይቶና ቀምሶ ይዋዋላል። የከተማዪቱ የቡና ገበያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው፤ ዛሬም የሀምቡርግ ነጋዴዎች በዓለም የጥሬ ቡና ንግድ ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ከዚያ ቀጠለ። በእነዚህ ፎቆች ላይ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠው ቡናውን በእጃቸው ይለቅሙ ነበር አለ። ጥቁሩን፣ ስባሪውን፣ ጠጠሩን ያወጣሉ። አቧራው ብዙ፣ ክፍያው ትንሽ ነበር። በኋላ ማሽን መጣና ሥራው ቀረ።

እትዬ እዚህ ላይ መተርጎሟን አቆመች። ከጊዜ በኋላ ነው ቀሪውን የነገረችኝ።

እናታችን ቡና ለቃሚ ነበረች። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ አንድ መጋዘን፣ ከሐረርጌ የመጣ ደረቅ ቡና ክምር ፊት ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ ትውል ነበር። ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ታስራለች። ሰፌዱን ጭኗ ላይ ታደርግና በቀኝ እጇ ፍሬውን እየገፋች በግራዋ ጥቁሩን ትለያለች። ጣቷ ከዓይኗ ይቀድም ነበር፤ ሳታይ በመዳሰስ ብቻ የተነቀዘውን ታውቀዋለች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች አንዷ በኦሮምኛ፣ አንዷ በሶማልኛ፣ አንዷ በአማርኛ እያወሩ ሁሉም ይግባባሉ። ካቦው በመሀላቸው ይመላለሳል። የለቀሙት ይመዘናል፤ የሚከፈላቸውም በሚዛኑ ነው። ቀኑ ሞቃት ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ የቡናው ገለባ ብናኝ ደግሞ አየሩን ሞልቶታል። እማዬን በእርጅናዋ ሳል አልለቀቃትም፤ ሐኪም ስለ ሥራዋ ጠይቋት አያውቅም።

እትዬ ምሳ ታደርስላት ነበር። ካደረሰች በኋላ ቶሎ አትመለስም፤ ከእማዬ ጎን ቁጢጥ ብላ አብራ ትለቅማለች፤ የእማዬ ሚዛን ከፍ እንዲል። ደብተራችንና ጫማችን የተገዛው ከዚያ ነው። እኔ የመጨረሻው ልጅ ስለሆንኩ መጋዘኑ በር ላይ ስጫወት ብቻ ነው የማስታውሰው፤ እትዬ ግን በጣቷ ታውቀዋለች።

እና እዚያ ጀልባ ላይ እህቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች። «እናቴ ይህን ሥራ ሠርታለች። እኔም ሠርቻለሁ። ይሄኛው ለጀርመን የሚሄድ ነው፣ በደንብ ልቀሙ ይሉን ነበር።»

ሰውዬው ሞተሩን ቀነሰ። የት እንደሆነ ጠየቃት፤ ድሬዳዋ አለችው። እንዴት እንደሚለቀም ጠየቃት፤ የዝናብ ልብሷን ጭኗ ላይ ዘርግታ በእጇ አሳየችው፤ በቀኟ እየገፋች፣ በግራዋ እያወጣች። ፊት ለፊታችን የነበሩ አዛውንት ባልና ሚስት ተጠግተው ያዩ ጀመር። አስጎብኚው በማይክሮፎኑ ለኋለኞቹ መንገደኞች ደገመላቸው፦ ይህቺ እመቤት ቡናውን እዚህ ከመምጣቱ በፊት የለቀመችው ናት። ከዚያ ቆቡን አውልቆ እጅ ነሳት። እትዬ በዚያ አገር በኖረችበት ዘመን ሁሉ ስለ ሥራዋ እንዲህ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ይህንንም ማታ ቤት ገብተን ነው የነገረችኝ።

ከቦዩ ወጥተን ወደ ሰፊው ወንዝ ስንመለስ ብዙ ነገር ታይቷል፤ ፈጠን ብዬ ልለፈው። ኤልብፊልሃርሞኒ የተባለው የሙዚቃ አዳራሽ በመስተዋት ግድግዳው ያበራል፤ የተሠራው የካካዎ፣ የሻይና የትምባሆ መጋዘን በነበረ ሕንፃ አናት ላይ ሲሆን በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ወደቡ የልደት በዓሉን የሚቆጥረው ከ1189 ጀምሮ ነው፤ በእኛ አገር ንጉሥ ላሊበላ በነገሠበት ዘመን መሆኑ ነው።

ያዘገየኝ የኮንቴይነር መርከቡ ነው። 400 ሜትር ርዝመት ካለው መርከብ ሥር በትንሽ ጀልባ ስታልፍ ሰማዩ ይጠፋል። ክሬኑ አንዱን ሣጥን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ሌላውን ያነሳል፤ አንድ ሰው እንኳ መሬት ላይ አይታይም። 320 ጆንያ ቡና ባለ 20 ጫማ አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ድሮ በትከሻና በመጎተቻ ቀን ሙሉ የሚፈጀው ሥራ አሁን ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። የእኛ ቡና ጅቡቲ ድረስ በየብስ ወርዶ፣ ቀይ ባሕርን፣ ስዊዝንና ሜዲትራንያንን አቋርጦ ሲመጣ በእነዚህ ሣጥኖች ታሽጎ ነው። ድሬዳዋም የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ስለደረሰ ነው፤ እማዬ የተቀመጠችበት መጋዘን የዚያ መስመር ልጅ ነበር። የባሕር በር የሌለው አገር ሰው ሆኜ ያን ክሬን ስመለከት የተሰማኝ ቅናት ነው፤ አልደብቀውም። ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ላይ በባሕረኛነት ሠልጥነው በውጭ ኩባንያዎች መርከብ የሚሠሩ ወጣቶቻችንን አስቤ ግን ትንሽ ተጽናናሁ።

ከጀልባ ስንወርድ አስጎብኚው እትዬን ጠርቶ አንድ ነገር ነገራት። መጋዘኖቹ መሀል፣ በ1888 በተሠራ ፎቅ ውስጥ፣ የሠራተኞቹን ታሪክ የያዘ ትንሽ ሙዚየም አለ፤ ሳያዩት እንዳይሄዱ አላት። በማግሥቱ ሄድን። ሚዛኑ፣ ናሙና የሚወጣበት ሹል ቧንቧ፣ የጆንያ መንጠቆው ሁሉ አለ። ዕቃው ከተራ ሰው እጅ የተገኘ ነው፤ የተቀመጠው ግን በክብር ነው። እትዬ አንዱን ጆንያ በእጇ ዳበሰችና «የእኛው ሽታ የለውም» አለች። ከዚያ ብዙ ሳትናገር ቆየች።

እኔን የቆጨኝ የኛ ነው። በድሬዳዋም በአዲስ አበባም ቡና ለቃሚ ሴቶች ዛሬም አሉ። ቀለም ለይቶ የሚጥል ማሽን ቢገባም የሰው ጣት የሚፈልግ ሥራ አልቀረም። ስለ ቡናችን ስናወራ ካፋን እናነሳለን፣ ፍየል ጠባቂውን እናነሳለን፣ ጀበናውን እናነሳለን፤ ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። የቡና ላኪዎችን ስም በአደባባይ እንሰማለን። ለቡናው ንጽሕና ዕድሜያቸውን የገበሩትን ለቃሚዎች ግን የሚያነሳቸው የለም። ከእማዬ ጋር የተቀመጡት ሴቶች አንድ በአንድ አልፈዋል፤ ስንት ይከፈላቸው እንደነበር፣ በምን ይታከሙ እንደነበር፣ ምን እየተባባሉ ይውሉ እንደነበር የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። እትዬ የምታስታውሰውን ከዚያ ክረምት ወዲህ በስልክ እየነገረችኝ እየመዘገብኩ ነው።

እናንተም እናታችሁ፣ አክስታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ቡና ለቅማ ልጅ ያሳደገች ከሆነች አጠገቧ ተቀመጡና ጠይቋት። መጋዘኑ የት እንደነበረ፣ ካቦው እንዴት እንደነበረ፣ ሚዛኑ ልክ እንደነበረ ትንገራችሁ። የምትለውን በራሷ ቋንቋና በራሷ አነጋገር ጻፉት።